ደሴ ላይ አሮጌ ፓዮኒር አምፕ አገኘሁ፣ በ18 ሺህ ብር ይገዛል?

የጦሳ ሥር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ድሮ ካሴት ይሸጥበት የነበረ አንድ ሱቅ ዕቃውን እየሸጠ ሊዘጋ ነው። ከዕቃው መሃል አንድ ፓዮኒር ኤስኤክስ 650 አለ፤ አምፕሊፋየርና ሬዲዮ በአንድ ላይ። ፊቱ ብርማ ነው፣ ሳጥኑ የእንጨት መልክ አለው፣ ማዞሪያዎቹ አንዳቸውም አልጎደሉም። ባለቤቱ 18 ሺህ ብር ይላል። "እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ አይሠራም" ብሎ ከዋጋው ንቅንቅ አላለም።

ጓደኞቼ ደግሞ ጤና የለህም ወይ እያሉኝ ነው። በዚህ ብር ብሉቱዝ ያለው፣ ፍላሽ የሚያነብ፣ መብራቱ የሚጨፍር፣ ላዩ ላይ 3000 ዋት የተጻፈበት አዲስ ስፒከር ከነማይኩ ይገኛል። እውነታቸውን ነው፣ እሱንም ሄጄ አይቼዋለሁ።

ፓዮኒሩን ሱቁ ውስጥ አብርተን ሰማሁት። በዴክ አንድ የማሲንቆ ካሴት አጫወተልኝ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን አይታፈንም። ማሲንቆው ከዘፋኟ ተለይቶ ይሰማል። ችግሩ የግራው ስፒከር ይጠፋል፣ ይመጣል። ቮልዩሙን ስታዞረው ይንኮሻኮሻል። ዘፈኑ ሲያቆም ደግሞ ከሥር "እምምም" የሚል ነገር አለ።

እና ጥያቄዬ፣ የድሮ አምፕ ድምፁ እውነት ይሻላል ወይስ ናፍቆት ነው? ኃይሉ ለአንድ ቻናል 35 ዋት ብቻ ነው፤ ይሄ ከ3000 ጋር ምን ያወዳድረዋል? የነገርኳችሁ ችግሮችስ ይጠገናሉ? የምሰማው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሠርግ ላይ አላጫውትበትም። አባቴ ያስቀመጣቸው ብዙ ካሴቶች አሉኝ፤ መንዙማውም፣ አምባሰሉም፣ ባቲውም። ከስልኬም እሰማለሁ። ሰውየው እስከ ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል፣ የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።

ቴስተር ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ ሥራዬ ይሄው ጥገና ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ከዋቱ እንጀምር። 3000 የሚለውን ቁጥር እርሳው። ፒኤምፒኦ የሚሉት ነገር ነው፤ ወጥ መለኪያ የለውም፣ አምራቹ ደስ ያለውን ይጽፋል። ማረጋገጥ ከፈለግክ የዚያን ስፒከር ጀርባ አንብብ፣ ከግድግዳ ስንት ዋት እንደሚወስድ ተጽፎ ታገኛለህ። ከግድግዳ 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 3000 ዋት ከየት አምጥቶ ያወጣል?

ይሄ ውሸት አዲስ አይደለም። አሜሪካም ውስጥ ድሮ አምፕ ሻጮች ቁጥር እያናፉ ገዢውን ሲያደናግሩ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ደንብ አወጣባቸው። ለቤት የሚሸጥ አምፕ ዋቱ ሲጻፍ ሁለቱም ቻናል አብረው እየሠሩ፣ ያለማቋረጥ፣ በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) ስፒከር፣ ከየትኛው ፍሪኩዌንሲ እስከ የትኛው፣ በምን ያህል መዛባት እንደተለካ አብሮ መነገር አለበት አለ። ከመለካቱ በፊት ደግሞ መሣሪያው በሲሶ ኃይሉ አንድ ሰዓት እየሠራ መጋል ነበረበት። ይሄኛው ቀላል ፈተና አይደለም። ይህን ለማለፍ ትልቅ ትራንስፎርመርና ሰፊ የሙቀት ማስወገጃ አሉሚኒየም ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ሪሲቨር (እንዳንተው አምፕና ሬዲዮ አንድ ላይ የሆነው) ስታነሳው የሚከብድህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንተ ያየኸው ኤስኤክስ 650 ከደንቡ በኋላ የወጣ ነው፣ ስለዚህ 35 ሲል 35 ነው።

35 ዋት ለሳሎን ያንሳል ወይ? አያንስም። አንድ መካከለኛ ስፒከር በ1 ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዲሲቤል አካባቢ ያወጣል እንበል። ይሄ ብቻውን ሰው ለማነጋገር ድምፅህን ከፍ የሚያስደርግህ ነው። 35 ዋት ስትሰጠው 15 ዲሲቤል ይጨምራል፣ 105 ሆነ ማለት ነው፤ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ኃይሉን እጥፍ አድርገህ 70 ዋት ብትገዛ የምታገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፣ ልዩነቱን ካልነገሩህ ላታስተውለው ትችላለህ። ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" እንዲል አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል። በዋት ብዛት ገንዘብ አትጨርስ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕመሞቹ። ግራው የሚጠፋውና የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ውስጥ ያለው ብረት ስለሚዝግ ነው። ስፒከር መምረጫው፣ ቴፕ ሞኒተር የሚለው፣ ባላንሱ፣ ሁሉም ይዝጋሉ፤ ደሴ ደግሞ ጉምና እርጥበት አያጣትም። ሱቁ ሄደህ መብራቱን አጥፋና እያንዳንዱን ማብሪያ ደጋግመህ ወደ ላይ ወደ ታች አድርገው፣ ማዞሪያዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዟዙራቸው። ከዚያ አብርተህ ስማው። ግራው ከተሻለው የማጽዳት ሥራ ነው እንጂ የመቀየር አይደለም። የቮልዩሙ መንኮሻኮሽም ያው ነው፣ ለኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ አለ፣ በእሱ ይድናል። የዝገት ዘይት የሆነውን ስፕሬይ ግን አትንፋበት፣ ቆይቶ አቧራ ይሰበስብበታል፣ ለጊዜው ጥሩ መስሎ ኋላ ይብሳል።

"እምምም" የሚለውን ለይተን እንየው። ቮልዩሙን ዜሮ አድርገው። ድምፁ ሳይቀንስ እዚያው ከቀጠለ ከመብራት ማስተካከያው ነው፤ ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ደርቀዋል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ንዝረት 100 ኸርዝ ነው፣ እሱን የሚያጠፉት ካፓሲተሮቹ ናቸው። ቮልዩም ስትጨምር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ግን ጥፋቱ ከዴኩ፣ ከገመዱ ወይም ከመሬት መስመሩ ሊሆን ይችላል፣ ያ ቀላል ነው። ካፓሲተር ይገኛል፤ ኮምቦልቻ ባይኖር መርካቶ አይጠፋም። ውድም አይደለም፣ የሚወደደው እጁ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሁለት ነገር ሳታይ ብር እንዳትከፍል። አንደኛ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። ከፎቶ ጋር ላክልኝ። ሁለተኛ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ የያዘ ሰው ውሰድ፣ ምንም ሳይጫወት፣ ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖ፣ ስፒከር መሰኪያዎቹ ላይ ዲሲ፣ እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ ቮልት፣ ይለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። አንድ ሙሉ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የኃይል ትራንዚስተር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ስፒከርህንም ያቃጥልብሃል። ከዚህ ቀደም ጠጋኝ ነክቶት ከሆነም ይከፈትና ይታይ። የኃይል ትራንዚስተር ላይ የውሸት ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል፤ ላዩ ላይ የታወቀ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ሲከፈት ውስጡ ያለው ቅንጣት የጥፍር ራስ አያክልም፣ ትንሽ ጮክ ሲል ይሄዳል።

18 ሺህ ብር ጤነኛ ለሆነ ዕቃ ነው የሚጠየቀው። ግራው ለሚጠፋ፣ ካፓሲተሩ ለሚያለቅስ አይደለም። የጥገናውን ዋጋ ከላዩ ቀንስለት በለው።

ወልድያዊት፦

እኔ በሌላ በኩል ልከራከር። የቴስተርን ምክር እቀበላለሁ፣ በተለይ ስለ 3000 ዋቱ። ግን ሰው "የድሮ ድምፅ ይሻላል" እያለ በስሙ ብቻ የማይረባ ዕቃ ሲገዛ ሳይ ያመኛል።

ልጁ የጠየቀው ናፍቆት ነው ወይስ እውነት ነው ብሎ ነው። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ግን አይደለም። ሁለት ጤነኛ አምፖች፣ አንዱ የ1970ዎቹ አንዱ የዛሬ፣ በአንድ ስፒከር ላይ፣ ድምፃቸው በትክክል እኩል ተደርጎ፣ ከኃይላቸው በታች ሲጫወቱ ለይቶ ማወቅ በጣም ከባድ ነው። እኩል መደረጉ ላይ አስምሩበት። ትንሽ ጮኽ ያለው ሁልጊዜ "የጠራ" እና "ወፍራም" መስሎ ይሰማናል፣ ጆሯችን እንደዚያ ነው። ሱቅ ውስጥ አንዱን ጮክ አድርገው ሌላውን ዝቅ አድርገው ሲያሰሙህ የምትመርጠው ድምፁን ሳይሆን ጩኸቱን ነው።

ያ ብርሃኑ የሚጨፍረው ሳጥን መጥፎ የሚሰማው አዲስ ስለሆነ አይደለም። ስፒከሩ ርካሽ ነው፣ ሳጥኑ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ባሱ ሆን ተብሎ ተነፍቷል፣ ስለዚህ ማሲንቆ አይሰማበትም። ዛሬ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ትንሽ አምፕ አለ፤ መዳፍ የምታክል ናት፣ ከምትወስደው መብራት 90 በመቶ አካባቢውን ወደ ስፒከሩ ታደርሳለች፣ ስለዚህ አትግልም። ቲፒኤ 3116 የሚባል የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ያለበት በርካሽ ይገኛል። ለሳሎን ይበቃል። የተረፈህን ብር ስፒከር ላይ ብታውለው ድምፁ የበለጠ ይለወጣል፣ ምክንያቱም በስፒከርና በስፒከር መካከል ያለው ልዩነት በአምፕና በአምፕ መካከል ካለው እጅግ ይበልጣል።

ቤቱም አለ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ የትኛውም አምፕ ያስተጋባል። ስጋጃ አንጥፍ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይም አንድ ስቀል። ይህን ሳታደርግ ስለ ትራንዚስተር ዘመን መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ለመሆኑ ሰውየው ስፒከሩንም ይሸጥልሃል? ከሸጠ ክዳኑን አውልቀህ የኮኑን ዳር በጣትህ ሳትጫን ተመልከት። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በ15 እና በ20 ዓመት ውስጥ ይፈረፈራል። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ይቆያል።

የጦሳ ሥር ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ተመልሼ ሄድኩ።

ቴስተር፣ ያልከውን አደረግኩ። ማብሪያዎቹን ደጋግሜ ሳደርጋቸው ግራው ተመለሰ፣ አሁን የሚጠፋው አንዳንዴ ብቻ ነው። "እምምም" ቮልዩም ዜሮ ላይም አለ፣ አይቀንስም። ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ቡናማ የብረት ሳጥን አለ፣ እሱ 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ነው አለኝ። ስነካው ይሞቃል። ይሄ አደገኛ ነው እንዴ?

እህቴ ወልድያዊት፣ ስፒከሮቹ እንዳልሽው ናቸው፤ ዳሩ ስፖንጅ ነው፣ ሁለቱም ተቦድሰዋል። ያለ ስፒከር ስለው ወደ 14 ሺህ ወረደ።

አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ስልኬን በገመድ ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰካሁትና ድምፁ ተበላሸ፣ ጮኸ፣ ተቀደደ። አውክስ ላይ ሳደርገው ደህና ሆነ፣ ግን ሰውየው ቴፕ ሞኒተርን ሲጫነው ጭራሽ ጠፋ። ተበላሽቶ ይሆን?

ፎኖው የሸክላ መሆኑን ነገረኝ። ሐይቅ ያለው አጎቴ ጋ የሸክላ ማጫወቻና ብዙ ትንንሽ ሸክላዎች አሉ፣ ማንም አይነካቸውም። አሁን ልቤ ወደዚያ ሄዷል።

ቴስተር ከኮምቦልቻ፦

አልተበላሸም። ቴፕ ሞኒተር ሲጫን መሣሪያው ድምፁን ከዴኩ ብቻ ይጠብቃል፤ ዴኩ ካልተጫወተ ዝም ነው። በዚህች ማብሪያ የተነሳ ስንት ጤነኛ ሪሲቨር "ሞቷል" ተብሎ እኔ ጋ ይመጣል። መልቀቅ ብቻ ነው።

ቮልቱ ዋናው ነገር ነው፣ ስለዚህ በደንብ አንብብልኝ። ይህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። ያለ ቡናማው ሳጥን ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ከተሰካ አበቃለት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። ስፒናው ላይ ወረቀት ለጥፍበት፣ ከተቻለም ስፒናውን ራሱን ግድግዳ የማይቀበለው ዓይነት አድርገው።

የ50 እና የ60 ኸርዝ ጉዳይም አለ። ትራንስፎርመር የተሠራው በ60 ኸርዝ 120 ቮልት እንዲችል ነው። ኸርዙ ወደ 50 ሲወርድ በዚያው ቮልት ብረቱ ከአቅሙ በላይ ይሞላል፣ ይግላል፣ ያንጎራጉራል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 120ን ለ60 ስታካፍል 2 ነው፣ 100ን ለ50 ስታካፍልም 2 ነው። ስለዚህ እኛ አገር ለዚህ መሣሪያ የሚስማማው 120 ሳይሆን ወደ 100 የቀረበ ቮልት ነው። 110 ቢሆን ትንሽ ያልፋል ግን ይችለዋል። የመብራቱ ቮልት ሲጨምር ግን የቡናማው ሳጥን ውጤትም አብሮ ይጨምራል፤ ግድግዳው 240 ከሰጠ እሱም 120 ይሰጣል፣ ያኔ ነው የሚያሳስበው። ከሳጥኑ በፊት ስታቢላይዘር አድርግ። ሳጥኑ ደግሞ ጀርባው ላይ ከተጻፈው የመብራት ፍጆታ ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ አቅም ይኑረው፣ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ለብ ማለቱ ምንም አይደለም። እጅ የማያስቆም ከሆነ ግን አንሷል፣ ቀይረው።

መብራት ሲሄድ ከግድግዳ ንቀለው። ሲመለስ ቶሎ አትሰካው፣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ይረጋጋ። ይሄን ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ሰው ያውቀዋል።

እና እባክህ ራስህ እንዳትከፍተው። ከተነቀለ በኋላም ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ መብራት ይቆያል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራው መብራቱ ወደ አምፑ ከመድረሱ በፊት በ100 ዋት አምፖል ውስጥ እንዲያልፍ አድርጌ ነው፤ አምፖሉ በደማቁ በርቶ ከቀጠለ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ፈዘዝ ካለ ደህና ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ የድሮው ባለ ክር ነው የሚያስፈልገው።

ሐይቅ ዳር፦

ልጄ፣ ሸክላ ስትል አላስቻለኝም። በወጣትነቴ ሙዚቃ ቤት ሠርቻለሁ፣ እነዚህን መሣሪያዎች በእጄ አውቃቸዋለሁ።

ስልክህን ፎኖ ላይ ስትሰካ የተቀደደበት ምክንያት አለው። የሸክላ መርፌ የሚሰጠው ድምፅ እጅግ ትንሽ ነው፣ 5 ሚሊቮልት አካባቢ፤ ስልክህ የሚሰጠው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፎኖው ያችን ትንሽ ድምፅ ከፍ ያደርጋታል። ሌላም ሥራ አለው። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ባሱ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ እየሰፋ ቦታ ይጨርስ ነበር። ሲጫወት አምፑ ያንን ገልብጦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሪያ የሚባለው ስምምነት ነው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት መስመር ይከተላሉ። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ትንንሽ አምፖች ይህ ክፍል የላቸውም። ያ ፓዮኒር ውስጥ ግን ተሠርቶ ተቀምጧል፣ ጥሩ ሆኖም ነው የተሠራው። ለእኔ የዋጋው ግማሽ እዚያ ነው ያለው።

አጎትህ ጋ ያሉት ትንንሾቹ በደቂቃ 45 የሚዞሩት ይመስሉኛል። ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር፣ ኋላም ሌላው አሳታሚ ካይፋ ሲከተል፣ ያ ሁሉ ዘፈን የወጣው በእነዚያ ላይ ነው። ልጄ፣ በአሮጌ መርፌ እንዳታጫውታቸው። የደከመ መርፌ ሸክላውን ይልጠዋል፣ የተላጠ ሸክላ አይመለስም። መጀመሪያ መርፌ ግዛ፣ ከዚያ አጫውት። ከማጫወቻው የምትወጣ ቀጭን የመሬት ሽቦ አለች፣ ከአምፑ ጀርባ ጂኤንዲ የሚል ብሎን ላይ እሰራት፤ ካልታሰረች ያጉረመርማል።

ካሴቶቹም ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ጥሩ አምፕ የዴኩን ጥፋት ያወጣብሃል። ድምፁ የታፈነ ከመሰለህ አምፑን አትውቀስ፣ የዴኩን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ ጥረገው፣ ቡናማ ነገር ይወጣል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ ጭንቅላቱን ቀና ዘንበል የምታደርግ። ካሴቱ የተቀዳበት ዴክ ዘንበል ብሎ ከነበረ ያንተም ካልተዘነበለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ሙያ ያለው ሰው እየሰማ በጥቂቱ ያዙርልህ። በመንዙማ ካሴት ላይ ያን ጊዜ የእጅ ጭብጨባው ከድቤው ተለይቶ ሲወጣ ትሰማለህ።

ማታ ዝቅ አድርገህ ስትሰማ ላውድነስ የምትለውን ማብሪያ ተጫናት። ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ባሱን ከሁሉ ቀድሞ ይጥላል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን ለክተው አሳይተዋል። ማብሪያዋ የጠፋውን ትመልሳለች። ጮክ ስታደርገው ግን አጥፋት፣ ያኔ ባሱ ይበዛል።

ደግሞ ዳንቴል እንዳታለብሰው፣ ላዩ ላይም ምንም አታስቀምጥበት። እናቶቻችን ቴፕና ሬዲዮ ማልበስ ይወዳሉ። ይህ ግን በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው።

ወልድያዊት፦

ጋሼ፣ ስለ ፎኖው ያሉትን ተቀብያለሁ። ሸክላ ካለው ነገሩ ይለወጣል። ለብቻው የሚሸጥ የፎኖ ማጉያ አለ፣ ግን እሱን፣ ትንሿን አምፕና ሬዲዮውን ለየብቻ ሲገዛ ከፓዮኒሩ ብዙም አይርቅም።

ልዩነቴ ዋጋው ላይ ነው። 14 ሺህ ለሰውየው፣ ከዚያ ካፓሲተር፣ ከዚያ የእጅ ዋጋ፣ ከዚያ ስታቢላይዘር፣ ስፒከር፣ መርፌ። ይህን ሁሉ ደምሮ ነው መወሰን ያለበት። ዋጋው ሳጥኑ ላይ ያለው ብቻ መስሎት ገብቶ መሃል ላይ ብሩ ካለቀበት፣ ግማሽ የተጠገነ ዕቃ ጥግ ይዞ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው ሰው "አሮጌ ዕቃ አይረባም" የሚለው።

ከሚሴ፦

ለስልክ ስትሰማ ገመድ ካሰለቸህ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ግዛና አውክስ ላይ ሰካት። ርካሽ ናት። እኔ ሳንሱይ በሚባለው አምፔ ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው። ቻርጀሯ መናኛ ከሆነ ቀጭን የሚያፏጭ ድምፅ ታስገባለች፣ ደህና ቻርጀር ስጣት። የስልኩን ቮልዩም ሙሉ አድርገህ አምፑ ላይ ተቆጣጠር።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌ ዕቃ ስም ብዙ ይነገዳል። ማራንዝ 2230 የሚባል አለ፣ 30 ዋት ነው፤ 2270 ደግሞ 70 ዋት። ስማቸው ስለሚፈለግ ዋጋቸው ይንጣል። ኤንኤዲ 3020 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ ጥቁር፣ ለዓይን የማይሞላ፣ 20 ዋት ብቻ የተጻፈበት ነው፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ይመሰክርለታል። መልክ አይተህ ብቻ አትግዛ፣ የብርማ ፊት ዋጋ ለብቻው እንደሚጠየቅ እወቅ።

የጦሳ ሥር ልጅ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አጎቴን ደውዬ ጠየቅኩት፣ እንዳሉት ሁሉም ባለ 45 ናቸው። መርፌው ግን ከስንት ዘመን ወዲህ አልተቀየረም፣ ስለዚህ አላስነካም።

ወልድያዊት፣ እንዳልሽው ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ያሳዝናል ግን በ14 ሺህ አልዘልቀውም። ሰውየውን ይህንኑ ነገርኩት፤ ካፓሲተሩን፣ ቮልቱን፣ ግራውን አንድ በአንድ አስረዳሁት። 120 ቮልት መሆኑ ለሌላ ገዢም እንደሚያስቸግር ሲገባው 11 ሺህ ከነቡናማው ሳጥን ብሎ ተስማማን። ቅዳሜ ቴስተር የያዘ ጓደኛ ይዤ እሄዳለሁ፣ ዲሲውን ለክተን ደህና ከሆነ ብቻ ነው የምከፍለው፤ እሱም እሺ ብሏል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ ይዤው እወርዳለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ዘመዴ ጋ ሁለት ጥንድ ስፒከር አለ። አንዱ ጥንድ 8 ኦም፣ ሌላው 4 ኦም። ጀርባው ላይ ኤ እና ቢ የሚል የስፒከር መሰኪያ ስላለ ሁለቱንም ጥንድ ላገናኛቸው?

ቴስተር ከኮምቦልቻ፦

አይሆንም። ኤ እና ቢ አብረው ሲበሩ ብዙ ጊዜ ስፒከሮቹ ትይዩ ነው የሚገናኙት። 8 እና 4 ትይዩ ሲሆኑ 2.7 ኦም አካባቢ ይሆናል፤ ያ ለዚህ አምፕ ሾርት ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ትራንዚስተሩ ይግላል፣ ይሄዳል። የ8 ኦሙን ጥንድ ብቻ ኤ ላይ አድርግ። ሌላ ክፍል ውስጥም መስማት ከፈለግክ ሁለተኛውንም ጥንድ 8 ኦም ፈልግ፣ አብረው ሲበሩ 4 ይሆናሉ፤ ጀርባው ላይ ለሁለት ጥንድ የተፈቀደውን ዝቅተኛ ኦም አንብበህ ከተስማማ ነው እንጂ አታገናኝ።

ስትሰክ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንዱ ከተገለበጠ ባሱ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ አምፑን ነው የሚጠረጥረው። የሽቦው ክር ወጥቶ ከጎኑ ካለው እንዳይነካካ አጠንክረህ ጠምዝዘው።

ቅዳሜ የለካችሁትን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፣ የግራውንም የቀኙንም ለየብቻ። አምፑን ስታመጣ ዴኩንም አምጣው፣ ጋሼ ያሏትን ብሎን በዚያው አይቼልህ እሸኝሃለሁ።